ከመርካቶ መሐል ሜዳ የገባው ገመድ

እንግዲህ ስሙኝ ወገኖቼ፣ ዛሬ የምተርክላችሁ ስለ አንድ ገመድ ነው። ሰማያዊ ልባስ አለው፣ በሆዱ ስምንት ቀጫጭን የመዳብ ክሮች ሁለት ሁለት እየሆኑ ተጠማዘው ተኝተዋል፣ የኮምፒውተር ሰዎችም ኔትወርክ ኬብል ይሉታል።

ነገሩ የሆነው በመንዝ ነው፣ በመሐል ሜዳ፣ ክረምቱ ሊወጣ ነሐሴ ሊያልቅ ሲል። እዚያ አንድ ትምህርት ቤት አለ፣ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍትም ከአንድ መሥሪያ ቤት በስጦታ የመጡ ዴስክቶፕ ኮምፒውተሮች አሉ፣ ሁሉም ኡቡንቱ የተጫነባቸው። ኮምፒውተሮቹ ይበራሉ፣ ያስጽፋሉ፣ ያሰላሉ፤ ኢንተርኔት ግን የላቸውም። ኢንተርኔቱ ያለው ከግቢው ማዶ በርእሰ መምህሩ ቢሮ ነው። ራውተሩ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ አረንጓዴ መብራቱን ብልጭ ድርግም ያደርጋል፣ ዋይፋዩ ግን ያን ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ አልፎ ቤተ መጻሕፍቱ አይደርስም፣ ቢደርስም ኮምፒውተሮቹ የዋይፋይ ካርድ የላቸውም። እናም የእኅቴ ልጅ፣ እዚያው ትምህርት ቤት አይሲቲ የምታስተምረው፣ ደወለችልኝና «ጋሼ፣ እዚህ ያለው ገመድ አጭር ነው፤ ከአዲስ አበባ አንድ ካርቶን ኬብል ይዘውልኝ ይምጡ፣ ልጆቹ መስከረም ሲጠባ ባዶ እንዳያገኙት» አለችኝ። እምቢ የሚባል ነገር አልነበረም።

መርካቶ ወርጄ ካርቶኑን ገዛሁ፤ ኬብል በካርቶን ሲሸጥ ርዝመቱ 305 ሜትር ነው። አርጄ 45 የሚባሉትን የፕላስቲክ ራሶች፣ ራሱን ከገመዱ ጋር የሚያጣብቀውን ክሪምፐር፣ ክሮቹ ከጫፍ ጫፍ መድረሳቸውን በመብራት የሚያሳየውንም ቴስተር አብሬ ያዝኩና በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ላምበረት መናኸሪያ ተገኘሁ። ከዚያም ሰንዳፋን አለፍን፣ ሸኖን አለፍን፣ ጫጫ ላይ ዝናቡ ጀመረን፣ ደብረ ብርሃን ስንደርስ ብርዱ አጥንት ድረስ ገባ፣ እዚያም መኪና ቀይረን ወደ ጣርማ በር ስንወጣ ጉሙ ወርዶ መንገዱን ሸፈነው፣ ሾፌራችንም መብራቱን አብርቶ፣ በየመታጠፊያው ጥሩምባ እየነፋ፣ ቀስ ብሎ ይነዳ ጀመር። ጣርማ በር ላይ ዋናው መንገድ ጣሊያን በወረራው ዘመን በፈለፈለው ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ይወርዳል፤ የመንዙ መንገድ ግን ይገነጠልና ደጋ ለደጋ ወደ ሰሜን ይሄዳል። እኛም ያንን ያዝን።

ከመኪናው መስኮቶች አንዱ አልዘጋ ብሎ ኖሮ ዝናቡ ካርቶኑ ላይ ይረጭ ጀመር። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ገበሬ ይህን አይተው «ምንድን ነው የያዝከው?» አሉኝ። «የትምህርት ቤት ዕቃ ነው አባቴ» አልኳቸው። ሌላ ነገር አልጠየቁኝም። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱና ካርቶኑን አለበሱት፣ እሳቸውም እጃቸውን በብብታቸው ከተው፣ ሞላሌ እስክንደርስ በዚያ ብርድ እንደዚያው ተቀመጡ። እዚያ ሲወርዱም ጋቢውን ስመልስላቸው ውሃውን አራግፈው ለበሱትና «ልጆቹን ይጥቀም» ብለው መረቁኝ።

መሐል ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ደጋ ናት፣ ነሐሴ ላይም ዝናቡ ከጀመረ አያባራም። በማግስቱ ውጭ ወጥቶ ገመድ መዘርጋት አልተቻለም፣ እናም ተማሪዎቹ እሳት ዳር ከበውን፣ የገብስ ቆሎ እየቆረጠምን፣ ካርቶኑን ከፍተው ገመዱን እያገላበጡ ማን እንደፈለሰፈው ይጠይቁኝ ጀመር። ያን ጊዜ ለእነሱ የነገርኳቸውን ለእናንተም ልንገራችሁ።

በግንቦት ወር 1973 እ.ኤ.አ. ነው፣ በካሊፎርኒያ ፓሎ አልቶ በምትባል ከተማ፣ በዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማእከል። ቦብ ሜትካፍ የሚባል ወጣት መሐንዲስ ለባልደረቦቹ አንድ ማስታወሻ ጻፈ፣ በአንድ ሕንፃ ያሉ ኮምፒውተሮች ሁሉ በገመድ ተያይዘው እንዲነጋገሩ። ሐሳቡን ያቀበለው የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ነበር፤ እዚያ ኖርማን አብራምሰንና ባልደረቦቹ በደሴቶቹ መካከል ኮምፒውተሮችን በሬዲዮ ያነጋግሩ ነበር፣ ሁለት መልእክቶች በአየር ላይ ከተጋጩም ላኪዎቹ ጥቂት ቆይተው ደግመው ይልካሉ። ሜትካፍ ይህን ከአየር አውርዶ በገመድ አደረገው፣ ከዴቪድ ቦግስ ጋርም ሆነው ሠሩት፣ ስሙንም ኢተርኔት አሉት። ያ የመጀመሪያው ኢተርኔት በሰከንድ 3 ሜጋቢት እንኳ አይሞላም ነበር፤ ከመርካቶ ያመጣነው ኬብል 1,000 ሜጋቢት ያስተላልፋል።

ኮምፒውተሮቹ ላይ የተጫነው ሥርዓት ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። በነሐሴ 1991 እ.ኤ.አ. ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ሊኑክስ ተብሎ የቀረውን የኦፐሬቲንግ ሲስተም ልብ መጻፍ መጀመሩን ለሌሎች አሳወቀ፣ የጻፈውንም ከነምስጢሩ ለሚፈልግ ሁሉ ሰጠ። እሱ ብቻውን አልነበረም፤ ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሪቻርድ ስቶልማንና ጓደኞቹ ማንም የሚያነበው፣ ማንም የሚያርመው ሶፍትዌር ሲሠሩ ቆይተዋል፣ ሁለቱ ተገናኙና ሙሉ ሥርዓት ሆነ። ከዚያም በጥቅምት 2004 እ.ኤ.አ. ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ በዚሁ ላይ የተሠራውን ኡቡንቱን አወጣ፣ እስከ 2011 ድረስም ሲዲውን ለጠየቀ ሁሉ፣ አገር ሳይለይ፣ የፖስታውን ሳይቀር ራሱ ከፍሎ ይልክ ነበር። እኔ ይህን ከታላላቅ የዘመናችን ሥራዎች እቆጥረዋለሁ። በዚያ ቤተ መጻሕፍት ያሉት ኮምፒውተሮች የኔትወርክ ካርዳቸውን ያለ ምንም ሲዲ፣ ያለ ምንም ክፍያ ያወቁት፣ አይተውን የማያውቁ ሰዎች ለዚያ ካርድ ድራይቨር ጽፈው ከሥርዓቱ ጋር ስላስቀመጡልን ነው። መንዝ ያለ ልጅ እንደሚጠቀምበት አላወቁም፤ ግን አልሰሰቱም።

በሦስተኛው ቀን ሰማዩ ጠራ፣ እናም ሥራ ጀመርን። ከርእሰ መምህሩ ቢሮ እስከ ቤተ መጻሕፍቱ ያለው ርቀት ከ100 ሜትር በታች ነበር፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም የዚህ ዓይነት ገመድ አንድ ቅጥያ ከ100 ሜትር እንዳይበልጥ በቴክኒክ መስፈርቱ ተወስኗል። አንዳንዱ ገመዱን በባሕር ዛፍ ላይ እንስቀለው አለ። መምህርቷ ግን በሁለት ሕንፃ መካከል በአየር ላይ የተሰቀለ መዳብ መብረቅ ሲያገኘው በሁለቱም በኩል ያለውን ዕቃ እንደሚያቃጥል ታውቃለች፣ የመንዝን መብረቅም ታውቃለች። ፋይበር ቢሆን ይመረጥ ነበር፣ አቅሙ ግን አልነበረም። ስለዚህ የግቢው ዘበኛና ተማሪዎቹ ቦይ ቆፈሩ፣ ገመዱን በፕላስቲክ ቧንቧ ውስጥ አሳለፍነው፣ አፈሩንም መለስን፤ ዘበኛው በላዩ ላይ በእግራቸው ደልድለው ደልድለው ሲጨርሱ ዞረው አይተው «አሁን ይተኛ» አሉ።

ከዚያም ራሱን መግጠም መጣ። አንድ ቀልጣፋ ተማሪ እኔ ልግጠም አለ፣ ተፈቀደለትም፤ ልባሱን ገፈፈ፣ ጥምዝምዙን ፈታ፣ ክሮቹንም በቀለማቸው ጥንድ ጥንዱን አጠገብ ለአጠገብ ደረደረ፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። ሲታይ ያምራል። በሁለቱም ጫፍ እንዲሁ አደረገ፣ ቴስተሩ ላይም ስምንቱ መብራቶች ተራ በተራ በሩ፣ ሁላችንም ደስ አለን። ኮምፒውተሩ ላይ ሲሰካ ግን የሶኬቱ መብራት ይበራል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ይበራል፣ ደግሞ ይጠፋል።

መምህርቷ ምንም ሳትናገር ራሱን ነቅላ ወደ መስኮቱ ሄደች፣ በብርሃኑም አቅጣጫ ያዘችውና በፕላስቲኩ ውስጥ የሚታዩትን ቀለሞች ከግራ ወደ ቀኝ አነበበቻቸው። ከዚያም ተማሪውን ጠርታ አስጠጋችው። «ቴስተሩ አልዋሸህም፣ ክሮቹ ደርሰዋል» አለችው፤ «ግን እነዚህ ጥንዶች የተጠማዘዙት በከንቱ አይደለም፤ ከውጭ የሚመጣው ረብሻ ሁለቱን እኩል ሲነካ አንዱ የሌላውን ያጠፋል። ሦስተኛውና ስድስተኛው እግር አብረው የሚሠሩ ናቸው፣ አንተ ግን ሦስተኛውን ከአረንጓዴው ጥንድ፣ ስድስተኛውን ከሰማያዊው ጥንድ ሰጠሃቸው፣ ተለያዩ። በአጭር ገመድ ላይ ይታለፋል፣ በዚህ ርዝመት ግን አይታለፍም።» ትክክለኛው ድርድር ይህ ነው፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። አረንጓዴው ጥንድ ሰማያዊውን መሐል አስገብቶ ያቅፈዋል። መምህርቷ ክሪምፐሩን ለራሷ አልወሰደችም፤ መልሳ ለልጁ ሰጠችውና አጠገቡ ቆመች። እሱም ሁለቱን ጫፍ ቆርጦ እንደገና ገጠመ፣ የሶኬቱ መብራትም በራና ጸና።

አሁን ገመዱ ደህና ነው፤ ኢንተርኔት ግን አሁንም የለም። በኡቡንቱው ገጽ ላይ ከላይ በስተቀኝ ያለችው የኔትወርክ ምልክት የጥያቄ ምልክት ለብሳለች። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው፣ ቴክኒሻን ጥሩ የሚለው። መምህርቷ ግን ሴቲንግ ከፈተች፣ ኔትወርክ ገባች፣ ዋየርድ ከሚለው አጠገብ ያለችውን የባለ ጥርስ ጎማ ምልክት ተጫነች፣ አይፒቪ 4 የሚለውንም ገለጠች፤ ጉዱ እዚያ ነበር። ማንዋል ይላል፣ ከሥሩም በ10 የሚጀምር አድራሻ ተጽፏል። ይህ ኮምፒውተሩ ቀድሞ ያገለግል የነበረበት መሥሪያ ቤት አድራሻ ነው። የትምህርት ቤቱ ራውተር ደግሞ 192.168.1.1 ነው። ኮምፒውተሩ ከተማውን ለቅቆ መጥቷል፣ የድሮ ሰፈሩን አድራሻ ግን አልተወም፣ ስለዚህ ራውተሩ አጠገቡ ሆኖ አልተገናኙም። ማንዋሉን አውቶማቲክ አደረገችው፣ አስቀመጠችው፣ ግንኙነቱንም አጥፍታ መልሳ አበራችው፤ ካልጠፋና ካልበራ አዲሱን አይይዝም፣ ይህን ልብ በሉ።

በዚያች ቅጽበት ምን ሆነ? ተማሪዎቹም ይህንኑ ጠየቁ፣ እኔም በአገራቸው ልማድ ነገርኳቸው። መሽቶበት ሰው የማያውቅበት ቀዬ የደረሰ መንገደኛ ከአጥር ውጭ ቆሞ «ቤቶች! የመሸበት እንግዳ ነኝ» ብሎ ይጣራል፤ ማንን እንደሚጠራ አያውቅም፣ ለሰማው ሁሉ ይጣራል። ኮምፒውተሩም ገመዱ ላይ እንዲሁ ተጣራ። ራውተሩ ሰማና «192.168.1.14 ባዶ ነው፣ እዚያ እደር» አለው። ኮምፒውተሩም «እሺ፣ እሱን ስጠኝ» አለ፣ ራውተሩም «ያንተ ነው» ብሎ አጸናለት፣ መውጫው በር የት እንደሆነም ነገረው። አራት ቃል ብቻ ነው። አድራሻው ለዘለዓለም አይሰጥም፣ ቀን ተቆርጦለት ነው፤ ጊዜው ሲጋመስ እንግዳው «ልቆይ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ባለቤቱም ያራዝምለታል። ይህ ዲኤችሲፒ የሚባል ደንብ ነው፣ ዛሬም ድረስ የሚሠራበትን አጻጻፉን ራልፍ ድሮምስ በ1997 እ.ኤ.አ. አወጣው፤ ኢንተርኔት ወደ አገራችን የገባውም በዚያው ዓመት ነው።

አድራሻው ተገኘ፣ ፋየርፎክስ ተከፈተ፣ ገጽ ግን አልመጣም። አንዲት ልጅ ቅር ብሏት ከወንበሩ ልትነሳ ስትል መምህርቷ ትከሻዋን ነካ አድርጋ መልሳ አስቀመጠቻት። «ከቅርብ ወደ ሩቅ እንጠይቅ» አለቻት፣ ተርሚናሉንም ከፈተችላት። ማይክ ሙስ የሚባል ሰው በ1983 እ.ኤ.አ. የጻፈው ፒንግ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ፤ ወደ አንድ አድራሻ «አለህ ወይ?» ብሎ ይልካል፣ መልሱ ሲመጣም ስንት ሚሊሰከንድ እንደፈጀ ይናገራል። ልጅቷ መጀመሪያ ራውተሩን፣ 192.168.1.1ን፣ ጠየቀች፤ መለሰ። ይህ ማለት ከኮምፒውተሩ እስከ ቢሮው ያለው ሁሉ፣ ገመዱም፣ ራሱም፣ ካርዱም፣ አድራሻውም ደህና ነው ማለት ነው። ከዚያም 8.8.8.8ን ጠየቀች፣ ይህ ጉግል ለሕዝብ የከፈተው አድራሻ ነው፤ እሱም ዘግየት ብሎ መለሰ። ልጅቷ ዞር ብላ አየችን፣ ምክንያቱም ያ መልስ ከመንዝ ወጥቶ፣ አገር አቋርጦ ተመልሶ የመጣ ነው። ከዚያም በቁጥር ፈንታ የአንድ ድረ ገጽ ስም ጻፈች። ዝም።

ቁጥር ይሠራል፣ ስም አይሠራም። እንግዲህ ጥፋቱ አንድ ቦታ ብቻ ቀረው፣ ስምን ወደ ቁጥር የሚፈታው ዲኤንኤስ ዘንድ፤ ይህንንም በዚያው በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ ነው ያበጀው። ተመልሰን አይፒቪ 4 ገጽ ላይ ገባን፣ አየነውም። አድራሻው አውቶማቲክ ሆኗል፣ ከሥሩ ያለው ዲኤንኤስ ግን ለብቻው ማብሪያ ማጥፊያ አለው፣ እሱ ጠፍቶ የድሮው መሥሪያ ቤት የስም ፈቺ ቁጥር ቁጭ ብሏል። ቁጥሩ ተሰረዘ፣ ማብሪያው በራ፣ ግንኙነቱ ጠፍቶ በራ፣ የጥያቄ ምልክቷም ከላይ ጠፋች። ልጅቷ የአማርኛ ዊኪፒዲያን ከፈተች፣ መፈለጊያው ላይ «መንዝ» ብላ ጻፈች፣ ክፍሉም ውስጥ ያለው ሁሉ ከጀርባዋ ተሰብስቦ አብሮ አነበበ። ከዚያ በኋላ አንዱን ገመድ ለብዙ ኮምፒውተሮች የሚያካፍለውን ስዊች ተክለን የቀሩትን ኮምፒውተሮች ተራ በተራ አስገባናቸው፣ እያንዳንዱንም የሚያስተካክለው ተማሪ ነበር፣ እኛ ዳር ቆመን እናያለን።

አሁን ከእናንተ መካከል በቤቱ ኡቡንቱ ያለው ይኖራል፤ መንገዱ ለእናንተም ይኸው ነው። መጀመሪያ የሶኬቱን መብራት እዩ፣ ቀጥሎ አድራሻ እንዳለ እዩ፤ አድራሻው በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ኮምፒውተሩ ተጣርቶ የመለሰለት አጥቷል ማለት ነው፣ ችግሩ ገመዱ ወይም ራውተሩ ዘንድ ነው። ቀጥሎ ራውተሩን፣ ቀጥሎ ሩቁን፣ በመጨረሻ ስሙን ጠይቁ። ራውተር ሳይኖር ገመዱ ከሞደም በቀጥታ የሚመጣ፣ አቅራቢውም ዩዘርኔምና ፓስወርድ የሰጣችሁ ከሆነ ደግሞ ፒፒፒኦኢ የሚባለውን የግንኙነት ዓይነት መርጣችሁ ሁለቱን እዚያ ታስገባላችሁ። በተርሚናሉ ላይ ኢኤንፒ3ኤስ0 የሚመስል ስም ብታዩም አትደንግጡ፤ ካርዱ ኮምፒውተሩ ውስጥ የትኛው መሥመር፣ የትኛው ቦታ ላይ እንደተሰካ የሚናገር ነው፣ ቀድሞ ኢቲኤች0 ይባል የነበረው ነው። ይህ ሥርዓት የሚደብቅባችሁ ነገር የለም፣ ለጠየቀ ሁሉ ይመልሳል፣ ለመንዝ ልጅም ለፓሎ አልቶ መሐንዲስም እኩል።

ልመናዬ ይህ ነው። ኮምፒውተር ለትምህርት ቤት የምትሰጡ መሥሪያ ቤቶች፣ ከመላካችሁ በፊት የድሮውን አድራሻና የድሮውን ዲኤንኤስ አጥፍታችሁ አውቶማቲክ አድርጉት። ገመድ የምትዘረጉም በሁለቱም ጫፍ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ ጻፉበት፣ የራውተሩን አድራሻና የቀለሞቹን ድርድር በወረቀት ጽፋችሁ ግድግዳው ላይ ለጥፉ። መሐል ሜዳ ላይ ወረቀቱ ተለጥፏል፣ የጻፈውም ያ ገመዱን ደግሞ የገጠመው ተማሪ ነው።